የጋሽ ቶሎሳ ሽንኩርት

«ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለኝን ሰው የምሸሽበት ዘመን ነበር። ሌባ ሆኜ አይደለም፣ ሰላይም ሆኜ አይደለም። ሽንኩርት ፎቶ አነሳ ስለነበር ነው። ያውም የደረቀ ሽንኩርት፣ ያውም የዱር። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ለአማቶቻችሁ ምን ብላችሁ ታስረዱ ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ፤ ዛሬም አለች፣ አለች ከተባለ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ምን የማላነሳው ነበር! ሙሽራ መቼ እንደምታለቅስ ከእናቷ ቀድሜ አውቅ ነበር። ከዚያ ይሄ ካሜራ ያለው ሞባይል የሚሉት መዓት ወረደ። የሙሽራው አጎት ያነሳል፣ ሚዜው ያነሳል፣ ቄሱም ሳይቀሩ ያነሳሉ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ የሰው ክርን አነሳለሁ። ገበያው ጭር ሲል፣ ልደታ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን ልተወው፣ ክፉ አልዋሉብኝም) ካሜራ የሚችል ሰው ለጊዜው እንደሚፈልግ ሰማሁና ሄድኩ። «ምንድን ነው የማነሳው?» ስላቸው «ገብተህ ታያለህ» አሉኝ። ሰው እንዲህ ሲባል እግሬ አውጪኝ ማለት ነበረበት። እኔ ገባሁ።

አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቁምሳጥን። ቁምሳጥኑ ውስጥ የደረቀ ተክል ብቻ። ተክሉ ከዱር ይነቀላል፣ ጋዜጣ መሃል ተጋድሞ ይጫናል፣ ሲደርቅ ጠንካራ ወረቀት ላይ ይለጠፋል፣ ከግርጌው ማን ከየት እንደነቀለው ይጻፋል፤ ከዚያ በቃ፣ እዚያ ይኖራል። የኔ ድርሻ የዱር ሽንኩርቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት ነበር። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዩዋቸዋል፤ ከነሱም በሽታና ድርቅ የሚችል ሽንኩርት የሚያዳቅሉበትን ዘዴ ይፈልጋሉ አሉ። መቼም ከሙሽራ ጋር ሳስተያየው የደረቀ ሽንኩርት ጠባዩ ግሩም ነው። አይነቃነቅም። ዓይኑን አይጨፍንም። እናቱ መጥታ «ልጄን አጠቆርክብኝ» ብላ አትጣላም።

ጣጣው አቧራው ነው። የቁምሳጥኑ አቧራ ከልደታ የግንባታ አቧራ ጋር ሲገናኝ አፍንጫዬ ተከረቸመ። ሳይነስ ያዘኝ። አይግረማችሁ፤ በዚያ ቤት ሳይነስ የሌለበት ሰው አልነበረም። ማለዳ ሰላምታው «አፍንጫህ እንዴት አደረ?» ነበር። አለቃችን ዶክተሩ ደግሞ የሁላችንም ንጉሥ ናቸው፤ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ሽታ የሚባል ነገር እንደማያውቁ በኩራት ይናገሩ ነበር። ይሄን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው እንጂ የሰው አፍንጫ ላማ ብዬ አይደለም።

ጋሽ ቶሎሳን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ቁምሳጥን ሲሞሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን መውጣቱ አልሆነላቸውም። ማለዳ ከች ይላሉ፣ ከኋላዬ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ልደታ ኮንዶሚኒየምም አንድ ብሎክ ላይ ነበርን፤ እሳቸው ከኔ ፎቅ በላይ። ስለዚህ ቀን ሥራ ላይ፣ ማታ ደረጃ ላይ፣ ጀሪካን ተሸክመን ውሃ ስናወጣ ጭምር ወሬያችን ሽንኩርት ነው። «ይቺን የነቀልኳት ዝናብ ሲመታኝ ነው» ይላሉ። «ይቺን ያገኘኋት ተንሸራትቼ ስወድቅ አፍንጫዬ ላይ ነው» ይላሉ። አንዳንዴ ካሜራውን ወደሳቸው ላዞር ስል «ተው፣ እኔን ምን ታደርገኛለህ፣ እሷን አንሳ» ብለው ፊታቸውን በጋዜጣ ይጋርዳሉ።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ወረቀት አወጣሁ። ነቀዝ በልቷት ቅጠሏ ብቻ ቀርታለች። ጋሽ ቶሎሳ ከወንበራቸው ተነሡ።

«እሷ ናት» አሉ። «ይቺ ከሌሎቹ አትገናኝም። ሌላ ሰው አግኝቷት አያውቅም።»

ዶክተሩ ከወዲያ ጠረጴዛ ሳቁ። «ጋሽ ቶሎሳ፣ እንደገና ልንጀምረው ነው? የጅብ ሽንኩርት ናት ብዬዎታለሁ።»

የጅብ ሽንኩርት ለማታውቁ፣ ሽንኩርት የሚመስል ሽንኩርት ያልሆነ ተክል ነው። ቅጠሉ ያው፣ ራሱ ያው። ግን መርዝ ነው፤ ከብት በልቶት ሲወድቅ ያየ ገበሬ ያውቀዋል። ከእውነተኛው የሚለየው ሽታው ላይ ነው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ካልሸተተ ሽንኩርት አይደለም። የደረቀችው ደግሞ ከዘመን ብዛት የምትሸተው ጋዜጣ ጋዜጣ ነው።

«ስነቅላት ሸታኛለች» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«ሽታ በፎቶ አይታይማ» አሉ ዶክተሩ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ኮምፒዩተሩ ላይ ሽታ የሚሞላበት ቦታ ፈልጌ አጥቻለሁ። «አበባ ያላት አንድ ናሙና ያምጡልኝ። አበባዋን ካየሁ አምናለሁ፣ አዲስ ዝርያ ናት ብዬ በስምዎ ለውጭዎቹ ተመራማሪዎች እልካታለሁ። ያለዚያ አልችልም።»

ሰውየው ጉልበታቸው ታማሚ ነው። ደረጃችንን ሲወጡ በየፎቁ ቆመው «ሰማዩን ልይ» ይሉ ነበር፣ ትንፋሽ ለመሰብሰብ። እንዲህ ሆነው ድሮ እሷን የነቀሉበትን ተራራ ፍለጋ ሄዱ። ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ፣ ፊታቸው አመድ፣ እጃቸው ላይ አንድ ፌስታል። ተራራው የድንጋይ ካባ ሆኖ ጠበቃቸው። ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ እየተፈጨ፣ በገልባጭ መኪና ወደ ከተማ ይጫናል። «ከጥጉ ላይ ትንሽ ቀርታ ነበር፤ እሷን ነቅዬ መጣሁ። ሌላ የለም» አሉኝ። «ማን ያውቃል፣ ይሄ የምንኖርበት ቤትም ከዚያው ጠጠር ይሆናል የተሠራው።» ይሄን ሲሉ ሊስቁ ሞክረው ነበር፣ አልሆነላቸውም።

ራሶቹን ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ አፈር አልብሰው ባልኮኒያቸው ላይ አስቀመጡ። እስኪያብቡ ይጠበቃል። እኔ በየጠዋቱ እየወጣሁ ፎቶ አነሳለሁ፤ ቅጠል ብቻ። በዚህ መሃል አንዷን ፍሬ ቆርጦ መሥሪያ ቤት ወስዶ ማስሸተት አይቻልም ነበር ወይ ትሉ ይሆናል። ወስደዋል። ዶክተሩ አሸተቱ፤ ምንም። እኔ አሸተትኩ፤ ምንም። የጋሽ ቶሎሳም አፍንጫ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ምንም። ቢሮው በሙሉ ተሰልፎ አሸተተ፤ ያተረፍነው ማስነጠስ ብቻ ነው። የበሩ ጥበቃ «ሽንኩርት ነው፣ ምን ያጠያይቃል» ሲል ዶክተሩ «ታዲያ ጥበቃው መሰከረ ብዬ ልጻፍ?» አሉ። ቤቱ የዕፅዋት ሊቅ የሞላበት፣ የሚሸት አፍንጫ የጠፋበት! ከዚያ በኋላ ጋሽ ቶሎሳ ፍሬ ማባከን ይቅር አሉ።

አንድ ጤነኛ አፍንጫ እቤታቸው ነበር። የባለቤታቸው፣ የእትዬ ዘነበች።

«በሞቴ ዘነበች፣ አንዴ አሽትችና ንገሪኝ» ይሉ ነበር። «ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም። ለኔ ነው።»

«ሂድ ወዲያ» ይላሉ እትዬ ዘነበች ዞር ሳይሉ። «አባቴ ሲቀበር አንተ ሽንኩርት ስታሳድድ ነበር። እኔ ሽንኩርትህን አላሸትም።»

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ያኔ ድሮ፣ አማታቸው ሲሞቱ ጋሽ ቶሎሳ ስልክ በሌለበት ጫካ ውስጥ ነበሩ። የደረሱት ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ነው። ሚስታቸው አልፈቷቸውም፣ አልጮሁባቸውምም። ያንን ሳፋ ግን ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ እንኳ እንደሌለ አድርገው ነው የሚያልፉት። ሰውየው በየሳምንቱ ይለምናሉ፣ ሴትየዋ በየሳምንቱ እንቢ ይላሉ። እኔ መሃል ላይ ካሜራ ይዤ እንደ ሞኝ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ማለዳ ጋሽ ቶሎሳ በሬን አንኳኩ። «እምቡጥ አወጣች! ና፣ ና፣ ጫማ ምን ይሠራልሃል!» በካልሲ ሮጥኩ። እውነትም አንዲት ቀጭን አገዳ ብቅ ብላ ጫፏ ላይ የተሸፈነ ነገር ይዛለች። ጋሽ ቶሎሳ እያጨበጨቡ ይስቃሉ። «ሰሞኑን ትፈነዳለች። ካሜራህን ቻርጅ አድርግ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ልባቸው ቆመ።

ምን ልበላችሁ። ጤፍ ቤት ወረፋ ላይ ሆኜ ነው የነገሩኝ፤ «ጠዋት ሲያጨበጭቡ ነበር እኮ» እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስነግር ዋልኩ። ሲያጨበጭብ የዋለ ሰው የማይሞት ይመስል። አለቀስኩ፤ በተከረቸመ አፍንጫ ማልቀስ ምን ያህል እንደሚያፍን የደረሰበት ያውቀዋል።

እድራችን ድንኳኑን ግቢው መሃል ተከለ። የወጥ ቤቱ አዛዥ እትዬ ከድጃ ናቸው፤ ወሎዬ፣ ድምፃቸው ከምድር አራተኛ ፎቅ የሚሰማ፣ በብሎካችን ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ለቅሶ ድስት የሚጥዱ። ሰው ተለያይቶ እንዳይበላ ብለው ለሰልስቱ ምስር ወጥ አዘዙ። እኔን ደግሞ ያዩኝ ዕለት «አንተ ፎቶ አንሺ አይደለህ እንዴ? የሟችን ፎቶ አሳድገህ አምጣ!» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ጉዴ የፈላው። ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ፤ ሽንኩርት። ወረድኩ፤ ሽንኩርት። የጋሽ ቶሎሳ ፊት የለም! ከኋላዬ ተቀምጠው ስንት ወራት ያወሩኝ ሰው፣ የቀረላቸው ከጋዜጣ በላይ ያለ ግንባር ነው። በመጨረሻ ከመታወቂያቸው ላይ የወጣትነት ጉርዳቸውን ይዤ በሰልስቱ ጠዋት ጠመንጃ ያዥ ሮጥኩ። እንደደረስኩ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ቀለም አለቀ። ቀለም ሲገኝ የፍሬሙ መስታወት ተሰበረ። ፎቶውን ታቅፌ ግቢያችን ስደርስ ለቀስተኛው ምሳ ላይ ነው። ሰው ከመብዛቱ ድንኳኑ አልበቃውም፤ ያስተማሯቸው ሁሉ፣ አብረዋቸው ተራራ የወጡ ሁሉ መጥተዋል።

ፎቶውን አስረክቤ፣ እምቡጧን ልይ ብዬ ወደ ባልኮኒው ወጣሁ። ሳፋው የለም። ቁልቁል ሳይ ሰማያዊው ሳፋ ታጥቦ፣ ውስጡ እንጀራ ተደርድሮበት፣ ከኮሚናሉ ማብሰያ ቤት ወደ ድንኳኑ እየሄደ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

«እትዬ ከድጃ! ሳፋው ውስጥ የነበረው የታለ?»

«ሽንኩርቱ? ወጡ ውስጥ ነዋ!» አሉ። «ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ፣ ሽንኩርት አነሰኝ። ብወጣ ባልኮኒው ላይ አፈር የለበሰ የገጠር ሽንኩርት። አጥበን ከተፍነው።»

«ሳይጠይቁ?»

«ማንን? ለቅሶ ቤት ባለቤት ሽንኩርት ስጪኝ ተብላ ትጠየቃለች እንዴ? አንተ ልጅ ነውር አታውቅም?»

ልክ ናቸው፤ ምን ልላቸው! የሐዘንተኛ ማጀት እስከ ሰልስት የእድሩ ነው፤ ሐዘንተኛን በጨውና በሽንኩርት ማስጨነቅ ነውር ነው። እኔም የማውቀው ደንብ ነው። የመጀመሪያው ሐሳቤ ግን ጋሽ ቶሎሳ ሁለተኛ ሞቱ የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳቤ ከዚያ የባሰ ነበር፤ ዶክተሩ ልክ ቢሆኑስ? የጅብ ሽንኩርት ብትሆንስ? ይሄ ሁሉ ሕዝብ!

ዶክተሩን ፈለግኳቸው። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ሁለተኛ ጭልፋ እያስጨመሩ ነው።

«ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ላናግርዎት።»

«መጀመሪያ ቅመስ። ወጡ ግሩም ነው።»

«እሱኑ ነው የማናግርዎት። ያቺ የጋሽ ቶሎሳ... ወጡ ውስጥ ናት።»

ጉርሻው አፋቸው ሥር ቆመ። «የቷ?»

«የጅብ ሽንኩርት ናት ያሏት።»

«መቼ ነው እኔ እንደዚያ ያልኩት?» ላባቸው ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። «ማለቴ... ልትሆን ትችላለች ነው ያልኩት። በእርግጠኝነት ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎታ! በየቀኑ!»

ሳህኑን አስቀመጡ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ መጠበቅ ጀመርን። አንድ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ዘልዬ ደገፍኳቸው። «ምን ሆኑ አባቴ?» «ምን እሆናለሁ፣ ሽንት ቤቱ በየት ነው?» አንዲት ሴት «ወይኔ! ወይኔ!» ብላ ወለሉ ላይ ስትደፋ ዶክተሩ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ደግነቱ ለካ አሁን ከክፍለ ሀገር የገባች የሟች እህት ናት፤ ደግነቱ ማለቴን ይቅር በሉኝ። ዶክተሩ የራሳቸውን የልብ ምት ይቆጥራሉ፣ የኔንም ይዘው ይቆጥራሉ፤ እኔ ግን ገና አልበላሁም ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ከድጃ የእጅ ውሃ ይዘው በጎናችን ሲያልፉ፣ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ «ለመሆኑ ስትከትፉት ያስለቅስ ነበር?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ዓይናችንን አወጣው እንጂ!» አሉ። «ለጋሽ ቶሎሳ ማልቀሱን ጨርሰን ነበር፤ ያ ሽንኩርት እንደ አዲስ አስጀመረን። አፍንጫዬ አሁንም ይሰነፍጠኛል። እንዲህ ያለ ሽንኩርት በዕድሜዬ ከትፌ አላውቅም!»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው «ሽንኩርት ነበራ» አሉ። «ስንት ዓመት ተከራከርኩት። ልክ ነበር። አይ ቶሎሳ! ልክ ነበር እኮ።» ከዚያ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመሩ። አጠገባችን ያሉት «እንዴት ቢዋደዱ ነው» ብለው አብረው አለቀሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይሄ ነው ብዬ ልናደድባቸው ፈልጌ ነበር፤ አንጀቴ እንቢ አለኝ።

«ታዲያ አሁን በስማቸው ይልኳታል?» አልኳቸው።

«ምኗን? አበባ የለ፣ ራስ የለ። አንተ ያለህ የቅጠልና የተዘጋ እምቡጥ ፎቶ ነው። ለቀስተኛ በልቶ አረጋገጠ ብዬ ልጻፍ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተራራውም የለም።»

እንግዲህ ለእትዬ ዘነበች መንገር ለኔ ወደቀ። ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እህል እንቢ ብለው፣ በዚያን ቀን ነው እትዬ ከድጃ እየለመኑ አንድ ጉርሻ ያጎረሷቸው። ጎናቸው በርከክ አልኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ያቺ ባልኮኒው ላይ የነበረችው...»

ቀና ብለው አዩኝ። «አበበች እንዴ?»

አሉኝ! ያቺን እንደሌለች አድርገው ሲያልፏት የኖሩት ሴትዮ!

«አላበበችም፣ እትዬ። ተበላች። ሽንኩርት አንሶ ወጡ ውስጥ ገባች። ያቺ የጎረሷትም እሷው ነበረች።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አልቀመስኳትም እኮ» አሉ። «ዋጥኳት እንጂ አልቀመስኳትም። እንኳን ሽንኩርቱን በርበሬውንም አላወቅኩት።» እንባቸው ወረደ። «ያን ያህል ለመነኝ። ምን ነበረበት ባሸትለት? ምን ይጎድልብኝ ነበር?»

ሳይነሴ ባይሆን ኖሮ እኔ ራሴ አሽትቼ ለጋሽ ቶሎሳ በነገርኳቸው ነበር ብዬ ሰበብ ልሰጥ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ድንገት «ከድጃ!» ብለው ተጣሩ። «ከድጃ፣ ነይ እስቲ!»

እትዬ ከድጃ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ ምን አጎደልኩ ብለው ፊታቸው ተለዋውጦ ገቡ። እትዬ ዘነበች ምንም አላሏቸውም። ሁለቱን እጆቻቸውን ያዙና ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። ቀኙን አሸተቱ፣ ግራውን አሸተቱ፣ ቀኙን ደገሙት። ፍራሹ ላይ የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

«ሽንኩርት ነው» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ እትዬ ከድጃ ግራ ገብቷቸው።

እትዬ ዘነበች እጆቹን አልለቀቁም። ፊታቸውን እዚያው መዳፍ ውስጥ ቀበሩትና «ሽንኩርት ነው፣ ቶሎሳ» አሉ። «ሽንኩርት ነው።»